«ሴት አንድ»፦ ደ ኩኒንግ ሰውን ከቀለም ውስጥ የፈለገበት መንገድ

በጁን 1950 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቪለም ደ ኩኒንግ ኒው ዮርክ፣ አራተኛ ጎዳና ላይ በነበረው ስቱዲዮው ትልቅ ሸራ ወጥሮ የተቀመጠች ሴት መሣል ጀመረ። ሥራው ያለቀው በ1952 ነው። በመካከሉ ሥዕሉ ስፍር ቁጥር የሌለው ጊዜ ተሥሎ ተፍቋል፤ አንድ ጊዜም ሠዓሊው ተስፋ ቆርጦ ሸራውን ከመወጠሪያው አውልቆ ጥሎታል። ዛሬ «ሴት አንድ» በሚል ስም የኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ንብረት ነው። ቁመቱ 192.7፣ ወርዱ 147.3 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ከፊቱ የቆመ ሰው ከሴትየዋ ጋር እኩል ለእኩል ይፋጠጣል።

ይህን ሥዕል ለጥናት የመረጥኩት ስለ እውናዊና ረቂቅ አሣሣል በተነሣ ቁጥር የሚደጋገም አንድ አስተሳሰብ ስላለ ነው። በአንድ ጫፍ ቁርጥ ፎቶግራፍ የሚመስል ሥዕል አለ፣ በሌላው ጫፍ ምንም የማይመስል፤ ሠዓሊው በሁለቱ መካከል የሚስማማውን ቦታ መርጦ ይቆማል ይባላል። ደ ኩኒንግንም «ግማሽ እውናዊ፣ ግማሽ ረቂቅ» ብለው መሐል ላይ ያስቀምጡታል። «ሴት አንድ» እንዴት እንደተሠራ በቅርብ ለተከታተለ ሰው ግን ይህ አባባል አያስኬድም። ደ ኩኒንግ መሐል ላይ መቆም አልፈለገም። ከሰው ገላ አንድ ነገር ብቻ አጥብቆ ይዞ ሌላውን ሁሉ ለቀለሙ ለቀቀ። ምን እንደያዘ፣ ምን እንደለቀቀ፣ ለምንስ እንደዚያ እንዳደረገ ነው መመርመር ያለበት።

የሠለጠነ እጅ

ደ ኩኒንግ በ1904 ሮተርዳም ተወለደ። በ12 ዓመቱ አንድ የቤት ማስዋብ ድርጅት ገብቶ ሙያ መማር ጀመረ፤ ማታ ማታ በከተማዋ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ይማር ነበር። በ1921 ገደማ በተማሪነቱ የሠራው የከሰል ንድፍ ዛሬ ኒው ዮርክ በሚገኘው በሜትሮፖሊታን ሙዚየም አለ። ርእሱ ጎድጓዳ ሳህንና ጆጎች ናቸው። ጥላውና ብርሃኑ የተገነቡት በደቃቅ ነጥቦችና ጭረቶች ስለሆነ ትንሽ ራቅ ብሎ ለሚያየው ፎቶግራፍ ይመስለዋል። እንዲህ ዓይነት ሥራ ትዕግሥትንም ዓይንንም ይፈትናል፤ ልጁ ሁለቱንም እንደነበረው ወረቀቱ ይመሰክራል።

በ1926 በመርከብ ተደብቆ አሜሪካ ገባ፤ መጀመሪያ ላይ ቤት ቀለም በመቀባት ይተዳደር ነበር። ከዚህ ሥራው የቤት ቀለምና የማስታወቂያ ጸሐፊዎች ቀጭን፣ ረጅም ጸጉር ያለው ብሩሽ አብረውት ስቱዲዮ ገቡ። በኋላ በሥዕሎቹ ላይ የምናያቸው ሳይቋረጡ የሚጠማዘዙ ረጃጅም መስመሮች የዚያ ብሩሽ ውጤቶች ናቸው።

በ1930ዎቹ መጨረሻና በ1940ዎቹ መጀመሪያ ቆመውና ተቀምጠው የሚታዩ ወንዶችን ይሥል ነበር። ለሞዴል የሚከፍለው ገንዘብ ስላልነበረው የራሱን የሥራ ሱሪ በሙጫና በጀሶ አድርቆ አቆመው፤ የልብሱን እጥፋት ከዚያ እያየ ሣለ። በዚሁ ጊዜ ኋላ ሚስቱ የሆነችውን ሠዓሊዋን ኢሌንን በእርሳስ የሣለበት ንድፍ አለ፤ የፊቷ፣ የጸጉሯና የልብሷ ሥራ የ19ኛው ክፍለ ዘመኑን ፈረንሳዊ ሠዓሊ አንግርን ያስታውሳል። ይህን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ረቂቅ ሥዕል የመሣል ችሎታ ያነሰው ሰው መሸሸጊያ እንደሆነ የሚያስቡ አሉ። ደ ኩኒንግን በዚህ መጠርጠር አይቻልም፤ ሰውን አስመስሎ መሣል ከፈለገ ማንም አይቀድመውም ነበር።

የዚያን ጊዜዎቹን ወንዶች ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ግን አንድ ችግር ያያል። ፊታቸው፣ በተለይም ዓይናቸው፣ በጥንቃቄ ተሠርቶ ሳለ ትከሻቸውና እጃቸው ተፍቆና ተደልዞ ሳያልቅ ቀርቷል። ወደ ተመልካቹ የዞረ ትከሻ ሸራ ላይ ሲወርድ ምን መሆን አለበት? አንዱን ጠርዝ ሲያስተካክል ሌላው ይበላሽበታል፤ ያንን ሲያርመው ደግሞ ክንዱ የት እንደሚጀምር ይጠፋዋል። በኔ ግምት የ«ሴት አንድ» ጉዳይ የተጠነሰሰው እዚህ ትከሻ ላይ ነው። ሰውን በጣም ቀርበው ሲያዩት ሙሉ ሆኖ አይታይም፤ ዓይን የሚያገኘው ቁራጭ ቁራጭ ነው። ፊትን በአንድ እይታ መያዝ ይቻላል፣ ገላን ግን አይቻልም።

ከረቂቁ ተመልሶ ወደ ሴቷ

በ1948 በቻርልስ ኢገን ጋለሪ የመጀመሪያውን የግል ዐውደ ርእዩን አሳየ። በጥቁርና በነጭ የተሠሩ ረቂቅ ሥዕሎች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ርካሽ በሆነ የቤት ቀለም የተሣሉ። በ1950 ደግሞ «ቁፋሮ» የተባለውን ሥዕል ጨረሰ፤ 206 በ257 ሴንቲ ሜትር ነው፣ አሁን ያለውም በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ነው። በዚያው ዓመት ለቬኒስ ቢየናሌ (በየሁለት ዓመቱ ለሚካሄደው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ) ከተላኩት ሥራዎች አንዱ ነበር። በላዩ ላይ ሰው የለም፤ ቀስ ብሎ ለሚያየው ግን ጥርስ፣ መንጋጋ፣ ዓይን የሚመስሉ ነገሮች ከመስመሮቹ መካከል ብቅ ይላሉ። በረቂቅ ሥዕል ታላቅ ስም ያስገኘለት ሥራ ይህ ነው። እሱን ጨርሶ ብዙ ሳይቆይ የጀመረው ደግሞ የተቀመጠች ሴት ነች።

ሴትን ሲሥል ያን ጊዜ የመጀመሪያው አልነበረም፤ ከ1940 ገደማ ጀምሮ እየተወና እየተመለሰ ሥሏል። በ1950 ኒው ዮርክ ግን ይህን ማድረግ ቀላል አልነበረም። የከተማዋ አዲሱ ሥዕል ከሰው ምስል ተላቅቋል የሚል እምነት በሠዓሊዎቹም በሐያስያኑም ዘንድ ሰፍኗል። ሐያሲው ክሌመንት ግሪንበርግ በዚህ ዘመን ፊት መሣል አይቻልም እንዳለው ይነገራል፤ ደ ኩኒንግም ልክ ነህ፣ አለመሣልም አይቻልም ብሎ መለሰለት ይባላል። በ1960 ከእንግሊዛዊው ሐያሲ ከዴቪድ ሲልቬስተር ጋር ባደረገው ቃለ ምልልስም ይህንኑ ሐሳብ አንሥቷል፤ በዚህ ዘመን የሰውን ምስል በቀለም መሥራት ከንቱ ነገር ነው፣ አለመሥራቱ ግን ከዚያ የባሰ ከንቱ ሆኖ ታየኝ የሚል ነው ፍሬ ነገሩ።

በዚያው ቃለ ምልልስ ያለው ሌላ ነገር ለኔ ከዚህም ይበልጥብኛል። ሴቷን መሣሉ ስለ አቀማመር፣ ስለ ሚዛን፣ ስለ ብርሃን ከሚነሣው ክርክር ሁሉ ነጻ እንዳወጣው ተናግሯል። ሸራው መካከል አስቀመጣት፣ ወደ ጎን ገፋ የሚያደርግበት ምክንያት ስላልታየው። ረቂቅ ሥዕል የሚሠራ ሰው በየደቂቃው «ይህ ቅርጽ እዚህ ለምን ሆነ?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። የተቀመጠች ሴት ግን ቦታዋን ይዛ ትመጣለች፤ ራሷ ከላይ ነው፣ እግሯ ከታች። ይህ ከተወሰነ በኋላ ብሩሹ የፈለገውን ቢያደርግ ሥዕሉ አይጠፋም። ይቺ ሴት ነጻነቱን የምታጠብበት ሳትሆን ነጻነቱን የሰጠችው ነች።

ሸራው ላይ የሆነው

ስለ ሥራው ሂደት ይህን ያህል የምናውቀው ሐያሲው ቶማስ ሄስ ስቱዲዮው እየተመላለሰ ስለተከታተለውና ፎቶግራፍ አንሺው ሩዲ በርክሃርት ሥዕሉን በተለያየ ደረጃ ላይ ሳለ ስላነሣው ነው። ዘገባው በአርት ኒውስ መጽሔት የማርች 1953 እትም ላይ ከፎቶግራፎቹ ጋር ወጣ። ፎቶግራፎቹን በተርታ ያየ ሰው በመጀመሪያ የሚገርመው ሥዕሉ ወደ ፊት አለመሄዱ ነው። ከረቂቅ ንድፍ ተነሥቶ ወደ ተጠናቀቀ ምስል የሚወስድ መንገድ የለም። እያንዳንዱ ደረጃ ለብቻው የቆመ ሴት ነው፤ ያኛው ፈርሶ ይኼኛው ይነሣል።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። በአሳላፊ ወረቀት ላይ በከሰል የአካል ክፍል ይነድፋል፤ ክንድ፣ ጉልበት፣ ጭን፣ ፊት። ወረቀቱን ቀድዶ ሸራው ላይ ይለጥፈዋል። ከዚያ ያዟዙረዋል፣ ይገለብጠዋል፣ ሌላ ወረቀት ይደርብበታል። የሚወደው ነገር ሲያገኝ ቀለሙን እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ይቀባል፤ ወረቀቱን ሲያነሣው ሁለት የማይተዋወቁ ቅርጾች በስለት የተቆረጠ በሚመስል ጠርዝ ተገናኝተው ይቀራሉ። በተጠናቀቀው ሥዕል ላይ ለስላሳ የብሩሽ ጉዞ ድንገት ቀጥ ብሎ የሚቆምባቸው ቦታዎች አሉ። ብዙ ሰው ቁጣ ወይም ችኮላ አድርጎ ያነባቸዋል። እኔ ግን በጣም የታሰበበት መገጣጠሚያ ሆነው ነው የሚታዩኝ።

ቀለሙ ቶሎ እንዳይደርቅበት ደግሞ ማታ ጋዜጣ ይለጥፍበት ነበር። ደረቅ ቀለም ላይ መደረብ እንጂ መለወጥ አይቻልም፤ እሱ ደግሞ ትናንት የሠራውን ዛሬ ማንቀሳቀስ ይፈልጋል። ያልወደደውን በመፋቂያ ይፍቀዋል፤ የተፋቀው ሙልጭ ብሎ ስለማይጠፋ ከሥሩ የቀረው ለቀጣዩ ንብርብር መነሻ ይሆናል።

ሄስ ከደ ኩኒንግ የሰማውን «የቅርብ መጠን» የሚል ሐሳብም ጽፏል። የሌላ ሰው ገላ በጣም ሲቀርበን የሚሰማን መጠን ማለት ነው። አፍንጫችን ሥር ያለ የእጅ እጥፋት ወይም የእግር ጣት መላውን እይታችንን ይሞላዋል፤ የማን፣ የቱ እንደሆነ መለየትም ያቅታል። በዚያ ርቀት ላይ የጭን ቅርጽና የክንድ ቅርጽ ዘመዳማቾች ናቸው። ስለዚህ ለጭን የተነደፈው ወረቀት ክንድ ላይ ቢውል ውሸት አይሆንም። ለኔ የዚህ ጉዳይ እምብርት እዚህ ነው። ሰዎች «አካሉን አዛባው» የሚሉት ነገር ለደ ኩኒንግ ማዛባት አልነበረም፤ ከአካል ጋር ተቀራርቦ የሚኖር ሰው የሚያየውን መሣል ነበር። ሁለት ሜትር ርቆ የሚታየው የተሟላ ቅርጽ አንዱ እውነት ነው፤ አፍንጫ ሥር ያለው ቁራጭም ሌላው።

በ1950 ባደረገው ንግግር የዘይት ቀለም የተፈጠረው ለሥጋ ሲባል ነው ብሎ ነበር። ይህን አባባል ብዙ ሰው ይጠቅሰዋል፣ እንደ ዘዴ የሚያስበው ግን ጥቂት ነው። ዘይት ቀለም ወፍራም ነው፣ ይለሰልሳል፣ ይጨማደዳል፣ ከሥሩ ያለውን ቀለም አሳልፎ ያሳያል። ቆዳም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ገላን ለመሣል የገላን ዙሪያ መስመር ማውጣት ግድ አይደለም፤ ቀለሙ ራሱ ገላ የሚሆንበትን መንገድ መፈለግም ይቻላል።

አፉ

ሁሉም ነገር ከተለቀቀ ሴቷ እንዴት አልጠፋችም? መልሱ ያለው በ1950 በወረቀት ላይ በሠራት አንዲት ትንሽ ጥናት ውስጥ ይመስለኛል፤ እሷም በሜትሮፖሊታን ሙዚየም ትገኛለች። ፊቷ በጥቂት የቀለም ጭረቶች የተሠራ ሆኖ አፏ ላይ ከመጽሔት የተቆረጠ የእውነት አፍ ተለጥፏል። የካሜል ሲጋራ ማስታወቂያ ላይ የነበረ፣ ሊፕስቲክ የተቀባ፣ ጥርሱን ያሳየ ፈገግታ ነው። በዙሪያው ያለው ሁሉ ቀለም ነው፤ እሱ ብቻ ፎቶግራፍ ነው።

ከሲልቬስተር ጋር ባደረገው ቃለ ምልልስ ብዙ አፎችን ይቆርጥ እንደነበር፣ አፉን መሆን ከሚገባው ቦታ ገደማ ላይ ያደርገው እንደነበር፣ ይህ እውነተኛ ነገር መኖሩም እጅግ እንደረዳው ተናግሯል። «ገደማ» የምትለዋ ቃል ትልቅ ነች። አፉ በትክክለኛ ልኬት ቦታው ላይ መሆን አልነበረበትም፤ መኖሩ ነበር ዋናው። አፍ ካለ ከላዩ ያለው ጥቁር ክብ ዓይን ይሆናል፣ ከሥሩ ያለው ነጭ ጭረት አገጭ፣ ከዚያ ወርዶ የተንሰራፋው ነገር ትከሻ። የድንኳን ካስማ ማለት ነው፤ ሸራው ቢርገበገብም አንድ ቦታ ላይ ተይዟል። ለዓመታት ትከሻ ላይ ሲታገል የኖረ ሠዓሊ ትከሻውን መጨረስ እንደማያስፈልገው ያወቀው በዚህ ነው። አፉ በቦታው ካለ ትከሻውን ተመልካቹ ራሱ ይጨርሰዋል።

በትልቁ ሥዕል ላይ የተለጠፈ አፍ የለም፤ አፉ በቀለም ነው የተሣለው። ሥራው ግን ያው ነው። ሙዚየሙ ውስጥ፣ ወይም ጥሩ ሆኖ በታተመ ምስል ላይ፣ ሥዕሉን ሲያዩ ዓይንዎ በመጀመሪያ የት እንደሚያርፍ ይከታተሉ። ትልልቆቹ ዓይኖችና የተገለጠው ጥርስ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ሰፊው ትከሻና ወደ ጡቶቹ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ነገሩ ይላላል፤ ክንዶቹን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል፣ ጉልበቱ የቱ ጋ እንደሆነ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። የተቀመጠችበትስ? ወንበር ይሁን፣ ክፍል ይሁን፣ ደጅ ይሁን አይታወቅም። ነጩ፣ ግራጫው፣ ሮዙ፣ ብርቱካኑ፣ ቢጫውና አረንጓዴው ከገላዋ ወጥቶ ዙሪያዋን ያጥለቀልቃል፣ ከዙሪያዋም ተመልሶ ገላዋ ውስጥ ይገባል። ገላና አካባቢ በአንድ ዓይነት ብሩሽ፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ነው የተሠሩት። ፊቷ ግን በመስመር ተሥሏል። ከላይ ሠዓሊው የያዘው አለ፣ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር የለቀቀው ይበዛል።

የተጣለው ሸራ

በ1952 መጀመሪያ ደ ኩኒንግ ሥዕሉ አይሆንም ብሎ ወሰነ፤ ከአንድ ዓመት ተኩል ልፋት በኋላ ሸራውን ከመወጠሪያው አወለቀው። ብዙም ሳይቆይ የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁሩ ማየር ሻፒሮ ስቱዲዮውን ሊጎበኝ መጣና የዚያች ሴት ሥዕል ምን ደረሰ ብሎ ጠየቀው። ሸራው ወጥቶ ታየ፣ ተነጋገሩበት፣ ሥራው ቀጠለ።

የዘመኑ የጥበብ ወሬ ይህን ክስተት እንደ ተአምር ያወራዋል። እኔ የማየው ተራ የሆነ ነገር ነው፣ ግን በጣም አስፈላጊ። ለብዙ ወራት አንድን ሸራ ያፈጠጠ ሰው ሸራውን ማየት ያቆማል፤ የሚያየው ያልተሳካለትን ብቻ ነው። ሻፒሮ የመጣው ችግሩን ሳያውቅ ነው፤ ያየው የሠዓሊውን ሽንፈት ሳይሆን ሴቷን ነው። ደግሞ ሻፒሮ ከመካከለኛው ዘመን ቅርጻ ቅርጽ እስከ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሴዛን ሲመረምር የኖረ ምሁር ነው፤ የተዛባ አካል አያስደነግጠውም። ለሠዓሊ ጓደኛ ከመሆን ይልቅ እንዲህ ያለ ዓይን ይዞ መምጣት አንዳንዴ የበለጠ ውለታ ነው።

«ከዳኸው»

በማርች 1953 በሲድኒ ጃኒስ ጋለሪ ስድስቱ ሴቶች ከአንድ እስከ ስድስት ተቆጥረው ቀረቡ፤ ከነርሱ ጋር ንድፎችና የፓስቴል ሥራዎችም ነበሩ። የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየሙ «ሴት አንድ»ን በዚያው ዓመት ገዛ። ሁሉም ግን አልተደሰተም። በረቂቅ ሥዕሎቹ የታወቀው ሠዓሊ ጃክሰን ፖሎክ ዛሬም ያንኑ ምስል ነው የምትሥለው፣ ከዳኸው ብሎ እንደጮኸበት በዘመኑ ከነበሩት ሰዎች ተነግሯል። ፖሎክ ራሱ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1951፣ በጥቁር ቀለም በሠራቸው ሥዕሎች ውስጥ ራሶችና አካላት ብቅ ብለው ነበር። ስለዚህ ክርክሩ ሰውን የመሣልና ያለመሣል አልነበረም። ፖሎክ ላይ ሰው ከቀለሙ ውስጥ ሳይጠራ ይመጣል፤ ደ ኩኒንግ ግን ጠርቶ፣ መሐል አስቀምጦ፣ ጥርስ አውጥቶለት ነው የሚጀምረው።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስካሁን የዘለቀው ከባዱ ክስ ሌላ ነው፦ እነዚህ ሥዕሎች ሴትን ይጠላሉ የሚል። ክሱን በቀላሉ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም። ያ ጥርስና ያ ፍጥጫ ያስፈራል፤ ሴትን አስፈሪ አድርጎ መሣል ረጅምና መጥፎ ታሪክ አለው። ደ ኩኒንግ ራሱ በዘመናት ሁሉ የተሣለችውን ሴት፣ ጣዖቶቹን ሁሉ፣ እያሰበ እንደሠራቸው ተናግሯል፤ ቀጥ ብለው፣ ፈገግ ብለው የሚያፈጡ የሜሶጶጣሚያ ምስሎችንም አንሥቷል። ከሁሉም በላይ አስቂኝ ሆነው ይታዩኝ ነበር ብሏል። ይህ መልስ ለክሱ ሙሉ ምላሽ ነው አልልም። ሥዕሉን ሳይ ግን በገላዋ ላይ የወረደው የብሩሽ ኃይል በዙሪያዋ ካለው አየር ላይ ከወረደው አይለይም። ለብቻዋ ተለይታ የተመታች ሴት አላይም። ፊቷ ላይ ያለው ነገር የተለየ ነው፤ እዚያ የማየው ራሷ መምታት የምትችል ሴት ነው። ሁለቱን ለይቶ ሳያዩ ስለ ሥዕሉ ጥላቻም ሆነ ፍቅር መናገር የሚቻል አይመስለኝም።

ካስማው ሲነቀል

የደረስኩበት መደምደሚያ ልክ ይሁን አይሁን መፈተኛው ከ1953 በኋላ የመጣው ነው። ደ ኩኒንግ በ1954 እና በ1955 «ሴት እንደ መልክዓ ምድር» የሚለውን ሠራ፤ ስሙ እንደሚለው ገላዋ ወደ መሬትና ወደ ሰማይ መፍሰስ ጀምሯል። በ1955 እና በ1956 የሠራቸው «የጎተም ዜና» (ጎተም የኒው ዮርክ ቅጽል ስም ነው) እና «ማዕዶት» (ከፋሲካ ማግስት ያለውን ሰኞ ለማለት ነው) ላይ ደግሞ ሴቷ የለችም። ብሩሹ ያው ነው፣ ቀለሙም ያው፣ ስለታም መገጣጠሚያዎቹም አሉ። ዓይንና አፍ ስለሌለ ግን ማንም ሰው ገላ አያይባቸውም፤ የሚያየው ከተማ፣ መንገድ፣ ግርግር ነው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ሥዕሉ ግን ርእሱን ለወጠ። እነዚህ ሥዕሎች ላይ የጋዜጣ ፊደልና የማስታወቂያ ምስል ተገልብጦ ታትሞ ይታያል፤ ቀለሙን ለማርጠብ ከተለጠፈው ጋዜጣ የቀረ ነው፣ ሠዓሊውም ሳይፍቀው ትቶታል። በሥዕሎቹ ላይ ከውጭው ዓለም በቀጥታ የመጣው ቁራጭ አሁን እሱ ነው።

በ1960ዎቹ ከኒው ዮርክ ከተማ ወጥቶ ሎንግ አይላንድ ሲኖር ወደ ሴቶቹ ተመለሰ። ለንደን በቴት ሙዚየም ያለው፣ በ1966 እና በ1967 የሠራው «ጉብኝቱ» ላይ እግሮቹ ተበልቅጠው ሮዝ ቀለም ውስጥ ሟሙተዋል፤ ከ«ሴት አንድ» ይልቅ እጅግ የላላ አካል ነው። አፉ ግን ተከፍቶ ይስቃል፣ ሴት መሆኗንም ማንም አይስትም።